ቡችላ ሳለ ገመድ ያልለመደ ውሻ

«አገር እንዲህ ሆና አንተ ስለ ውሻ ገመድ ትጽፋለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ፍረዱኝ። ነገሩ የውሻ ቢመስልም መጨረሻው የሰው ሕይወት ነው።

ባለፈው ዓመት መንዝ፣ ዘመሮ አካባቢ አጎቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። የውሻ ክትባት ሊሰጥ ነው ተብሎ ተነገረ። በቀኑ ባለሙያው የክትባት ሳጥኑን አንግቦ በጠዋት ተገኘ። ሰውም መጣ። ያልመጣው ውሻው ነው። አንዱ ከግቢው በር ማሳለፍ አቅቶት ባዶ እጁን መጣ። ሌላው ከሁለት ልጆቹ ጋር ሆኖ እየተጎተተ ደረሰ፤ ውሻው ሌላ ውሻ ሲያይ ገመዱን በጥሶ ቁልቁል ነጎደ። አንዲት እናት ገመድ የላጠው መዳፋቸውን እያሳዩ «ይቅርብኝ» ብለው ተመለሱ። እኩለ ቀን ላይ ባለሙያው ያልተከፈቱትን ብልቃጦች ይዞ ሄደ።

አጎቴም ካልመጡት አንዱ ናቸው። «ጋሼ፣ መጫልን ለምን አላመጡትም?» አልኳቸው።

«መጫል በገመድ መች ይሄዳል? ከሰንሰለቱ ስፈታው ያውቀዋል፤ ሲመሽ ነው። ቀን ከፈታሁት ሰው ይበላል።»

ክትባቱ ነበር። ባለሙያው ነበር። የባለቤቶቹ ፈቃድም ነበር። የጎደለው ውሻው ቡችላ ሳለ ሊማረው ይገባ የነበረ የጥቂት ሳምንት ትምህርት ብቻ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው ሞት በእስያና በአፍሪካ ነው፤ ከሟቾቹም ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ሰውን የሚይዘው ደግሞ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ከውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው መፍትሔ የታወቀ ነው፦ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። በመርዝ መጨረስ ግን ዘላቂ ውጤት አያመጣም፤ የተገደሉትን ሌሎች ያልተከተቡ ውሾች ይተኳቸዋል።

70 በመቶ የሚባለው ቁጥር ወረቀት ላይ ቀላል ነው። መሬት ላይ ሲወርድ ግን አንድ ሰው አንድን ውሻ ይዞ ከቤቱ እስከ ክትባት ቦታው ድረስ መሄዱ ማለት ነው። ውሻው በገመድ የማይሄድ ከሆነ ቁጥሩ አይሞላም።

ገመዱ የሚያስፈልገው ለክትባት ቀን ብቻም አይደለም። ውሻ ሰው ሲነክስ ምን እንደምናደርግ አስቡ። ወዲያው በድንጋይ ወይም በዱላ ይገደላል። ትክክለኛው መንገድ ግን ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥቦ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ውሻውን ደግሞ አስሮ ለ10 ቀን መከታተል ነው። ከ10 ቀን በኋላ ጤነኛ ሆኖ ከቆመ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ይህ ለሐኪሙም ለቤተሰቡም ትልቅ ዕውቀት ነው። ሊያዝ የማይችል ውሻ ግን ወይ ይሸሻል ወይ ይገደላል፤ የተነከሰው ልጅ ቤተሰብም በጭንቀት ይከርማል።

ታዲያ ውሻ ለምን ይጎትታል? ክፋት አይደለም። ከእኛ ይፈጥናል፤ ጎትቶም የፈለገበት ይደርሳል። ዛሬ ጎትቶ አጥሩ ሥር ያለውን ሽታ ካገኘ፣ ነገም መጎተት እንደሚያዋጣ ተምሯል። እኛም መልሰን ስንጎትተው እግሩን ተክሎ ይብስበታል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የሚውል ውሻማ ሌላ ትምህርት የለውም፤ ሲያገድም የሚያየው ሁሉ ላይ እየተወረወረ ማንገራገሩን ነው የሚለማመደው።

የሚማረው ሁለትና ሦስት ወር ሲሆነው ነው። መጀመሪያ አንገቱ ላይ ሰፋ ያለ የጨርቅ ማሰሪያ አድርጉለት። እኛ አገር ከጓሳ ሣር የሚገመደው ገመድ ለጭነት እንጂ ለቡችላ አንገት አይሆንም፤ ይልጠዋል። ማሰሪያውን ሲለምድ አጭር ገመድ አስራችሁ እያያችሁት ግቢ ውስጥ እየጎተተው ይጫወት። ቀጥሎ ገመዱን ያዙና አብራችሁ ተራመዱ። ገመዱ ሲወጠር ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። አትጎትቱት፣ አትቆጡት፣ አትምቱት። ዞር ብሎ አይቷችሁ ገመዱ ሲላላ «ጎበዝ» ብላችሁ ቁራሽ ስጡትና ጉዞውን ቀጥሉ። በቃ፤ ሕጉ ይኼው ነው፦ ሲላላ እንሄዳለን፣ ሲወጠር እንቆማለን።

በቀን ሁለቴ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ መንገድ ላይ፣ በመጨረሻ ሰውና ከብት ባለበት። ዋናው ነገር የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ሕግ መያዙ ነው። አባት ሲቆም ልጅ አብሮት የሚሮጥ ከሆነ ውሻው የሚማረው መጎተትን ነው። ሰውነቱን መነካካት፣ ጆሮውንና እግሩን መያዝም አብሮ ይልመድ፤ መርፌ ሲመጣ አይደነግጥም።

ይህን ለአጎቴ ሳጫውታቸው ሳቁብኝ። «በገመድ እየተመራ የሚሄድ ውሻ ጅብ ይንቀዋል፣ ሌባም አይፈራው» አሉኝ። ይህ የእሳቸው ብቻ ሐሳብ አይደለም፤ ብዙ ገበሬ እንዲህ ያምናል። በግ የሚያረባ ሰው ውሻው ለስላሳ እንዳይሆንበት ቢሰጋ አልፈርድበትም። ነገር ግን የፖሊስ ውሾችን ተመልከቱ። ከያዛቸው ሰው ጎን ገመዳቸው ላልቶ ይሄዳሉ፤ ለስላሳ ናቸው የሚል ግን የለም። ውሻ ግቢውን የሚጠብቀው ግቢውንና ባለቤቱን ስለሚያውቅ ነው። ቀን በገመድ መሄድ መቻሉ ሌሊት እንዳይጮኽ አያደርገውም።

ለእኛ ለመንዝ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ ጓሳ። አያቶቻችን በራሳቸው ሕግ ለዓመታት እየዘጉና እየከፈቱ ያቆዩት ሜዳ ቀይ ቀበሮ ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በሙሉ፣ ያውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ፣ ከ500 ብዙም አይበልጡም። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በደረሰበት ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ጨርሷል። በሽታው ለቀበሮ የሚደርሰው ከሰው ቤት በወጣ ውሻ ነው። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻችን ጓሳ ላይ ሲወጣ አያቶቻችን ያቆዩልንን ነገር ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የክትባት ዘመቻ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ «ነገ ውሻችሁን አምጡ» ከማለታችሁ በፊት ወር ሁለት ወር ቀድማችሁ በእድሩና በገበያው «ቡችላችሁን ገመድ አስለምዱ» በሉ። ያደገውንና በገመድ አልሄድ ያለውን ውሻ ደግሞ ባለቤቱ ይዞት ሳለ እዚያው ግቢው ድረስ ሄዳችሁ ክተቡት። ሳይከፈት የሚመለስ ብልቃጥ በገንዘብ የተገዛ ነው፤ ሳይከተብ በቀረ ውሻ የሚሞት ልጅ ግን ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል።

አጎቴ ዘንድሮ አዲስ ቡችላ አምጥተዋል። ባለፈው ሳምንት ስደውልላቸው «ያንተን ነገር እየሞከርኩት ነው» አሉኝ። ከቤት እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ አምስት ጊዜ ቆመው ደርሰዋል። መጀመሪያ ቀን ከግቢው በር ማለፍ አልቻሉም ነበር።