ስለ አዳራሻችን ፊትና ስለ ሞንታርቦው



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበራችን አዲስ አዳራሽ ፊቱ በሙሉ ሰማያዊ መስተዋት ይልበስ፣ ከተረፈው ገንዘብም ሁለት ትላልቅ ሞንታርቦ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ቤቱ በጭብጨባ መናወጡ ይታወሳል። ከኮሚቴው መካከል ያላጨበጨብነው ጥቂቶች ነን። ያን ዕለት ዝም ማለታችን ጥፋት ነውና ዛሬ በዚሁ ሰሌዳ እንናገራለን። የተጨበጨበው «ዘመናዊ ይሁን» ለሚለው ቃል ነበር። ለመሆኑ ዘመናዊ ማለት ምን ማለት ነው? ጠያቂም መላሽም አልነበረም።

መስተዋቱን እናስቀድም። ከተማችን 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና የሚወርደውን ብርድ ደግሞ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። መስተዋት በቀትር ያቃጥላል፣ ሲመሽ ያንዘፈዝፋል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ግን የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣና ማታ መልሶ ይሰጣል። አባቶቻችን መስኮቱን ትንሽ ያደረጉት መስኮት መክፈት ተስኗቸው አልነበረም። ደግሞስ ከሰዓት በኋላ ያ ሰማያዊ ነገር ፀሐዩን እየመለሰ ከፊት ለፊቱ ያሉትን ጎረቤቶቻችንን ዓይን ሲወጋ ማን ሊመልስላቸው ነው? እኛ ስናምር እነሱ ይጨፍኑ?

ሌላም አለ። መስተዋትና ሴራሚክ ድምፅ አይቀበሉም፣ መልሰው ይወረውራሉ። በዚያ ላይ የቆርቆሮ ጣራ አለ፤ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ቢናገር ሁለተኛው ወንበር ላይ ያለው አይሰማውም። ያን ጊዜ ሞንታርቦ የግድ ይሆናል። እንግዲህ አስቡት፤ በገንዘባችን ጆሮ የሚያደነቁር ቤት ሠርተን፣ ለድንቁርናው መድኃኒት ደግሞ በገንዘባችን ልንገዛ ነው!

አዲስ ነገር ይጠላሉ እንዳንባል ጋፋትን እናስታውሳለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን እዚሁ አጠገባችን አስቀምጠው፣ ከአገሬው ሠራተኛ ጋር ሴባስቶፖልን አስቀልጠው አሠርተዋል። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ ሰው ነው እስከ መቅደላ የጎተተው። ዘመናዊ ነገር ወደ ደብረ ታቦር የገባው በዚያ መንገድ ነበር፤ ከነእውቀቱ፣ ከነእሳቱ። በሙዚቃም ቢሆን ሙላቱ አስታጥቄ እንግሊዝና አሜሪካ ተምሮ ሲመለስ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ከጃዝ ጋር አዋሐደ እንጂ ጥሏቸው አልመጣም። እንዲህ ያለውን ዘመናዊነት እናጨበጭብለታለን።

አሁን ወደ ሞንታርቦው። ማሲንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ያላት፣ ቆዳ የለበሰች ትንሽ ሣጥን ናት። ድምፅዋ ለአንድ ቤት ሰው ይበቃል። አዝማሪው ገብቶ ማን እንደተቀመጠ ያያል፤ ማን እንዳዘነ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ደግሞ ሒሳብ ሳይከፍል ሊወጣ እንደሚያስብ ያውቃል። ከአድማጩ «ተቀበል» ሲባል ግጥሙን ይቀበላል፣ ጨምሮበትም ይመልሳል። ሞንታርቦ ማንን ያያል? ከማንስ ይቀበላል? እሱ የሚያውቀው መናገር ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት አስፋልቱ ዳር የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ሳለ ከፊት ለፊቱ ካለው ሱቅ ሞንታርቦው ሦስቱንም ቀን ሲጮህ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እናትየው ስታለቅስ፣ ውጭ የሰርግ ዘፈን ይዘፈናል። ልጅ ልከን ለመንን። «ቀንሰነዋል» የሚል መልስ መጣ። ጎረቤት ሲሞት ሬዲዮ በማይከፈትበት አገር ነው ይህ የሆነው። ባለ ሱቁ ክፉ ሰው አይደለም፣ እኛም እናውቀዋለን፤ ድንኳኑን ግን አላየውም። በዚያ ጩኸት ውስጥ ሆኖ ለማየትም ይቸግራል። (እኛም በልጅነታችን በቴፕ ሪከርደር ጎረቤት አስመርረናል፤ አንክድም። ያኔ ግን ባትሪው ያልቅ ነበር።)

ቡሄንስ? ከተማችን ስሟን ከምትጋራው በዓል፣ ከነሐሴ 13፣ የበለጠ ምን አላት? አሁን አሁን ሆያ ሆዬን በስልክ ቀድተው በድምፅ ማጉያ እያስጮሁ ከደጃፍ የሚቆሙ ልጆች አይተናል። ሙልሙሉን ሰጥተናቸዋል፤ ልጅ ባዶ እጁን አይሸኝም። ነገር ግን አውጪው የባለቤቱን ስም አጣርቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ያን ቤት ብቻ የሚመለከት ውዳሴ ከራሱ ማውጣት ነበረበት። ተቀባዮቹም ዱላቸውን ከመሬት እየመቱ እሱን መጠበቅ ነበረባቸው። ስልኩ ለእኛም ለጎረቤታችንም ያንኑ አለና ሄደ። እና ማኅበሩ ራሱ ሁለት ሞንታርቦ ገዝቶ አዳራሹ በር ላይ ቢያቆም እነዚህን ልጆች በምን አፋችን እንቆጣለን?

«ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ምን ይለናል?» ያላችሁ ወጣቶች አላችሁ። እንግዳ ጎንደር ድረስ ሄዶ የሚያየው እኮ ድንጋይና ኖራ ነው! የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ አንድም ሰማያዊ መስተዋት አልነበረውም። ባሕር ዳር ላይ የመስተዋት ፎቅ ሞልቶ የተረፈው ሰው፣ ያንኑ ለማየት 100 ኪሎ ሜትር ዳገት አይወጣም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ፊቱ በጥርብ ድንጋይ ይሠራ፤ የሚጠርበውም የሚገነባውም የሰፈራችን ልጅ ይሁንና ገንዘቡ እዚሁ ይቅር። ዝናብ የመጣበት መንገደኛ፣ ለቅሶ የመጣ እንግዳ የሚጠለልበት ሰፋ ያለ በረንዳ ይውጣለት። ለስብሰባ አንዲት አነስተኛ ማይክሮፎን ትበቃለች። በሰፈራችን ሞንታርቦ ያላችሁ ባለ ሱቆች ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወደ ውስጥ እንድታስገቡት፣ ድንኳን በተተከለበት መንደር ድንኳኑ እስኪነሣ ጨርሶ እንድትዘጉት በአክብሮት እንጠይቃለን።

ውሳኔው በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ በጭብጨባ ሳይሆን እጅ በማውጣት ይቆጠራል። የመስተዋቱ ደጋፊዎችም ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ከሰሌዳው በስተግራ በኩል ቦታ ትተንላችኋል። የእኛን ግን አትቅደዱብን።

የማኅበሩ ጸሐፊና ያላጨበጨቡት የኮሚቴ አባላት