ሬሲስት ፈረንጅ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ታክሲ ውስጥም ሆነ ካፌ ውስጥ «ዘረኛ» የምትለዋን ቃል ሳትሰሙ የዋላችሁበት ቀን አለ? እኔ አላስታውስም። ግን ልብ በሉ፤ ቃሏ የምትወጣው ለብሔር ፖለቲካ ብቻ ነው። የአገሩን ልጅ የቀጠረ ዘረኛ፣ የእነ እንትናን ፓርቲ የደገፈ ዘረኛ። ይሁን።

ችግሩ የእንግሊዝኛውን «ሬሲዝም» በዚህችው ቃል ስንተረጉመው ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። የተባበሩት መንግሥታት በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያጸደቀው ስምምነት የዘር መድልዎ ለሚለው አምስት መነሻ ይዘረዝራል፦ ዘር፣ ቀለም፣ የትውልድ ሐረግ፣ ብሔራዊ መገኛ እና የጎሳ መገኛ። ኢትዮጵያም በ1976 ተቀብላዋለች። እኛ ግን የመጨረሻዋን ይዘን ቀለምን እና የትውልድ ሐረግን ለፈረንጅ ተውንለት።

በ1988 ፖርትላንድ ውስጥ ስኪንሄዶች አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ሲገድሉ «ሬሲዝም!» አልን። በ1996 የእስራኤል ደም ባንክ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም በድብቅ ሲደፋ እንደኖረ ሲጋለጥም እንደዚሁ። ልክ ነበርን።

እዚሁ አዲስ አበባ የጋምቤላ ልጅ መንገድ ላይ «ባሪያ» ሲባልስ? «ኧረ ቀልድ ነው!» ልጃችን ጠይም ያልሆነ፣ ጠቆር ያለ እጮኛ ይዛ ስትመጣ «አጥንቱ ይጣራ» ሲባልስ? «ባህል ነው!» ለእነሱ ሬሲዝም፣ ለእኛ ቀልድና ባህል። አይ እኛ!

«እኛም ጥቁር ነን፤ እንዴት ሬሲስት እንሆናለን?» የምትሉ አላችሁ። ቃሉ የሚጠይቀው የተሳዳቢውን የቆዳ ቀለም አይደለም። የሚጠይቀው የተሰደበው ሰው በምን ምክንያት ከሰው በታች እንደተቆጠረ ነው። በመልኩና በአያቶቹ ከሆነ፣ ተሳዳቢው ከየትም ይምጣ፣ ሬሲዝም ነው።

ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። ስድቡ ግን እስከ ዛሬ በየሰፈሩ አለ፤ የሚያስቀውም አልጠፋም። የሚያስፈራኝ ይኼ ሳቅ ነው። ስም ያልወጣለት በደል ከሳሽም ዳኛም የለውም፤ ተሰዳቢው ቢናደድ እንኳን «ቀልድ አታውቅም» ተብሎ እሱው ጥፋተኛ ይሆናል።

ስለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገንም፤ ያለችንን ሙሉዋን እንጠቀምባት። ነገ ጓደኛችሁ ያቺን ስድብ ሲወረውር፣ ለካድሬው የማትሰስቷትን «ዘረኛ» ለእሱም በሉት። ከከበዳችሁ፣ ቃሏ እስከ ዛሬ የከበደችው ማን ላይ እንደነበር አስቡ።