ጥበቡ አለ፤ ጠቢቡ ማን ነው?

አማርኛችን በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሠራውን ኅብረ ቀለም ጌጥ «ጥበብ» ብሎ ይጠራዋል። ለዕውቀትና ለማስተዋል የሰጠውን ስም ለሸማኔው የእጅ ሥራ መስጠቱ ታላቅ ክብር ነው። ይሁን እንጂ ጥበቡን ያከበረው ኅብረተሰብ ጠቢቡን አላከበረም፤ ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ቆዳ አልፊውን ፋቂ፣ ሸማኔውንም በገዛ ሙያው ስም እየሰደበ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስለዚህ ነበር።

ዛሬ ስድቡ ቀንሷል ቢባል ሐሰት አይሆንም። በበዓል ቀን ተማሪውም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም በአገር ልብስ አጊጦ ይታያል። ነገር ግን ሸማኔው ከስድቡ ሲያመልጥ ሌላ ችግር ይዞታል፤ ይኸውም ስም የለሽነት ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንመልከተው። በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ናቸው። ጥጡ ተዳምጦና ተነድፎ በሴቶች እጅ በእንዝርት ይፈተላል። ሸማኔውም በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ድሩን በእግሩ እየከፈተ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየላከ ይሸምናል። ጥበቡ ላይ ሲደርስ ግን ክሩን በጣቱ እየቆጠረ ያስገባል። ስለዚህ ጥበብ የበዛበት ቀሚስ ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይፈጃል። ይህን ያህል የተደከመበት ንድፍ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቻይና ተጭኖ ይመጣና ከሸማኔው ሥራ ጎን በርካሽ ይሸጣል።

ርካሹን የገዛውን ሰው አንወቅስም፤ ኪሱ ያዘዘውን አድርጓል። የዋጋው መውደቅ ግን የሚያርፈው አቅም በሌለው ላይ ነው። ከጋሞ አካባቢ ሕፃናት ወደ አዲስ አበባ እየተወሰዱ በሸማ ሥራ ጉልበታቸው ሲበዘበዝ መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ሐቅ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ዐዋጅ ቁጥር 123/1987 አዲስ ንድፍ ተመዝግቦ ጥበቃ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ዳሩ ግን ከአያት የተወረሰው ጥበብ አዲስ አይባልም፤ አዲሱንም ቢሆን እያንዳንዱ ሸማኔ ሥራውን ፈትቶ በየጊዜው ያስመዘግባል ማለት ዘበት ነው። በ1950 ዓ.ም. ከተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ሠዓሊ በሸራው ጥግ ስሙን ይጽፋል። ሸማኔው በጠርዙ ላይ የሚጽፈው ስም ለምን አይኖረውም?

እንደሚመስለን መንገዱን ቡናችን አሳይቶናል። ኢትዮጵያ የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ተከራክራ፣ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈራርማለች። የተጠበቀው የእያንዳንዱ ገበሬ ስም ሳይሆን የጋራ ስም ነበር። ሸማኔዎችም በማኅበር ሆነው አንድ የጋራ ምልክት ቢያስመዘግቡ፣ በምልክቱም ሥር የሠሪው ስም ቢሰፋ፣ ገዢው የእጁን ሥራ ከታተመው ለይቶ ያውቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለሸማኔ ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ምክር ነው።

በዚህ ረገድ ወጣቱ ሹምና ተማሪው ከተመልካችነት ማለፍ ይችላሉ። ለእንግዳ ስጦታ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሠሪው ማን እንደሆነ ይጠይቅ። የሕግ ተማሪ የማኅበሩን ማመልከቻ ይጻፍ፤ የንግድ ተማሪም ሒሳቡን ያስተካክል። ሌላው ሁላችን ደግሞ ከመግዛታችን በፊት ጨርቁን እንገልብጠው። የታተመው ቀለም ከጀርባው ይደበዝዛል፤ የተሸመነው ክር ግን ከጨርቁ ጋር አንድ አካል ሆኖ ይገኛል። ከዚያም ዋጋውን ስንጠይቅ የሸማኔውን ስም አብረን እንጠይቅ፤ ስም የሚጠይቅ ገዢ ከበዛ፣ ስም የሚጽፍ ነጋዴ አይጠፋም።