ግቢው ውስጥ ገንዳ ሲቆፈር ያንቺም ስራ ይጨምራል

ጂዳ ላይ ሙቀቱ ሲከፋና ትምህርት ሲዘጋ፣ ግቢ ያላቸው አሰሪዎች ወሬ መዋኛ ገንዳ ይሆናል። መካ በኩልም ኢስትራሃ ያላቸው እንደዚሁ ናቸው። ስለ ሴራሚኩ ቀለም፣ ስለ መብራቱ ብዙ ይመከራል። ማን ያጸዳዋል? ልጆቹን ማን ይጠብቃል? ይሄ ግን አይነሳም፤ መልሱ እኛ ስለሆንን ነው።

እስቲ እናስላው። 8 በ4 ሜትር የሆነ፣ በአማካይ 1 ሜትር ተኩል የሚጠልቅ ገንዳ 48 ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል። ጂዳም መካም ወንዝ የላቸውም። ውሃው ከቀይ ባሕር ተቀድቶ፣ እንደ ሹአይባ ባሉ ጣቢያዎች ጨው ወጥቶለት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አይቀየርም፤ በፓምፕ እየዞረ ይጣራል፣ ክሎሪን ይጨመርበታል። ቅጠል መልቀም፣ ግድግዳ መፈተግ፣ ማጣሪያ ማጠብ የማያልቅ ስራ ነው።

እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የሚሰራው የቤት ሰራተኞች ደንብ የቀን ስራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍትም ይሰጣል። በር ተዘግቶ ግን ሰዓት የሚቆጥር የለም። ገንዳው አንዴ ካለቀ በኋላ መከራከር ከባድ ነው። መናገር ያለብሽ ገና ሲታቀድ ነው።

እንዴት? «ስራ በዛብኝ» ካልሽ ላይሰሙሽ ይችላሉ። «ልጆቹን እፈራለሁ» ካልሽ ግን ይሰሙሻል። በአራቱም ጎን ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን፣ በሩ ራሱ የሚዘጋ አጥር ይሰራ በይ። መዋኘት ካልቻልሽ ሳታፍሪ «አነ ማ አዕሪፍ አስበሕ» በያቸው፤ በዋትሳፕም ጻፊው፣ ማስረጃ ይሆንሻል። ጽዳቱን የገንዳ ሰራተኛ እየመጣ እንዲሰራው ያኔውኑ ጠይቂ።

እኔ በነበርኩበት ቤት አጥር የጠየቅሁት ገንዳው ካለቀ በኋላ ነበር። «ውበቱን ያበላሻል» ተብሎ ቀረ። ወጥ እየሰራሁ አንድ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነበር የሚውለው። የሚሰምጥ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

ማጽዳቱ አንቺ ላይ ከወደቀ፦

• ክሎሪንን ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅይ፤ መርዝ ጋዝ ይወጣዋል።
• ክሎሪኑን ወደ ውሃ ጨምሪ እንጂ ውሃ ክሎሪኑ ላይ አታፍሺ። ጓንት አድርጊ፣ ክፍት አየር ላይ ሁኚ።
• ፓምፑ ሳይጠፋ ማጣሪያውን አትንኪ።
• መዋኘት ሳትችይ ወደ ጥልቁ አትግቢ። ዱላ ወይም ገመድ ወርውሪ፣ ሰው ጥሪ፣ 911 ደውዪ። ቁጥሩ ጂዳም መካም ይሰራል።

ለገንዳው ይህን ያህል ብር የሚያወጣ ሰው ለአጥሩ አያጣም። ቀድመሽ ጠይቂ።