ስለ ሽንት ሕመምና ስለ አገር መድኃኒት

የአገር ሀብት ከእርሻ ይገኛል፤ እርሻም የሚለማው የገበሬው ጤና ሲጠበቅ ነው። ስለዚህ የአገር ገዥ ስለ ዘርና ስለ በሬ እንደሚጠይቅ ኹሉ፥ ሕዝቡ ስለሚታመመው ሕመምና ስለሚጠጣው መድኃኒትም ሊጠይቅ ይገባዋል።

በሐረር ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ሽንት ማጥ የያዘው ሰው የገብስ ውሃ፥ ተልባና አብሽ ይጠጣል። ይህን ልማድ የሚንቁ አሉ፤ ሳይመረምሩ የሚያምኑትም አሉ። ኹለቱም ከእውነት ይርቃሉ።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንጀት ወጥተው ወደ ሽንት መንገድ በሚገቡ ረቂቃን ተሐዋስያን ነው፤ ብዙ ውሃም ፊኛን ያጥባል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2018 በታተመ ምርመራ፥ ውሃ በጥቂቱ የሚጠጡና ሕመሙ የሚመላለስባቸው 140 ሴቶች ለ12 ወር ተመርምረው ነበር። በየቀኑ 1 ሊትር ተኩል ውሃ የጨመሩት፥ ካልጨመሩት ይልቅ ሕመሙ በግማሽ ያህል ቀነሰላቸው። እንግዲህ አባቶች ገብስ አፍልተው በብዛት ማጠጣታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ነገር ግን ጥቅሙ ከገብሱ ይልቅ ከውሃው ሳይሆን አይቀርም።

ይሁን እንጂ ትኵሳት ወይም የጎን ውጋት የያዘው፥ በሽንቱም ደም ያየ ሰው፥ ይልቁንም ነፍሰ ጡር፥ በቅጠል ሊዘገይ አይገባውም። ሕመሙ ወደ ኵላሊት ሲወጣ ነፍስ ያጠፋልና፥ ፈጥኖ ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ጁገል ሆስፒታል ይላክ።

ምርመራ የአገርን ቅጠል አያዋርድም። በሐረርጌ ምድር የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ ለማ፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በዓድዋ፥ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በዚህም እንዶድ የቢልሐርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል አስረዱ፤ ከቢልሐርዝያም አንዱ ዐይነት ሽንትን ደም የሚያደርግ ነው። ነገር ግን እንዶድ ለሰው መርዝ ነውና ለመጠጥ አይሆንም። የቅጠል ሥራው ከነስፍራው የሚታወቀው እንዲህ ሲፈተን ነው።

ሐረር ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ. ም. ደርቆ ነበር። ውሃ ለሌለው ሰው «ብዙ ጠጣ» ማለት ምክር አይደለም። ስለዚህ ሹማምንትና ባለመሬቶች ምንጩን ያሳጥሩ፥ ጕድጓዱን ያስከድኑ፥ ከብቱን ከመቅጃው ያርቁ። የመጀመሪያው የሽንት መድኃኒት ንጹሕ ውሃ ነውና፥ ምንጭ የጠበቀ ሹም ሕዝቡን አከመ።