የኩክ ካውንቲ የጠየቀው ሕግና የተረከበው ኃላፊነት

በአሜሪካ የፌዴራል ሥርዓት የወንጀል ሕጎችን በአብዛኛው የሚያወጡት የግዛት ምክር ቤቶች ናቸው። ሕጎቹ ሥራ ላይ የሚውሉባቸውን ማረፊያ ቤቶችና የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤቶችን በብዙ ግዛቶች የሚያስተዳድረውና ወጪያቸውን የሚሸፍነው ግን ካውንቲ በመባል የሚታወቀው ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር እርከን ነው። በመሆኑም ካውንቲዎች የፍትሕ ሥርዓቱን ማሻሻል ሲፈልጉ ቅድሚያ የሚሰጧቸውን የሕግ ጉዳዮች ለይተው ለግዛቱ ምክር ቤት ከማቅረብ ሌላ ሰፊ አማራጭ የላቸውም።

የቺካጎ ከተማን የሚያቅፈውና ከ5 ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎች ያሉት በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው የኩክ ካውንቲ ለዚህ ዓይነተኛ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ በ2013 በካውንቲው ማረፊያ ቤት የነበሩ እስረኞች ቁጥር ወደ 10 ሺህ የደረሰ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ፍርድ ያልተሰጣቸው የቀጠሮ እስረኞች ነበሩ። በወቅቱ በነበረው አሠራር 10 ሺህ ዶላር ዋስትና የተጠየቀ ተከሳሽ ከዚሁ 10 በመቶውን ማለትም 1 ሺህ ዶላር ካስያዘ ይለቀቃል፤ ካጣ ግን በቀላል ክስም ቢሆን ይታሰራል። ገንዘብ ያለው ተከሳሽ በአንጻሩ ክሱ ከባድ ቢሆንም የመውጣት ዕድል ነበረው።

የካውንቲው ቦርድ ፕሬዚዳንት ቶኒ ፕረክዊንክል ይህ አሠራር እንዲቀር በይፋ ሲጠይቁ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ በ2017 በካውንቲው ዋና ዳኛ ትእዛዝ ዳኞች የተከሳሹን የመክፈል አቅም ያገናዘበ ዋስትና እንዲወስኑ ተደረገ። ይሁንና ትእዛዙ ሕጉን የሚለውጥ ባለመሆኑ ዘላቂው መፍትሔ በግዛቱ ምክር ቤት እጅ ነበር።

የገንዘብ ዋስትናን የሚያስቀረው ሕግ እ.ኤ.አ በየካቲት 2021 በገዥው ጄ.ቢ. ፕሪትዝከር ተፈረመ። በርካታ የሌሎች ካውንቲዎች ዐቃብያነ ሕግና ሸሪፎች ሕጉን በፍርድ ቤት ቢሞግቱም፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በሐምሌ 2023 በ5 ለ2 ድምፅ አጸናው። ኢሊኖይ እ.ኤ.አ ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2023 ጀምሮ የገንዘብ ዋስትናን ሙሉ በሙሉ ያስቀረች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ሆናለች።

ሕጉ እስራትን አላስቀረም፤ የእስራቱን መመዘኛ ለወጠ እንጂ። ተከሳሽ እንዲታሰር የሚፈልግ ዐቃቤ ሕግ ማመልከቻ ማቅረብ፣ ተከሳሹ ለሌሎች ደኅንነት አስጊ መሆኑን ወይም ሊሰወር እንደሚችል አሳማኝ ማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። ዳኛውም የግራ ቀኙን ክርክር ሰምቶ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስፈር አለበት። ቀደም ሲል በአጭር ጊዜ ያልቅ የነበረው ችሎት ዝግጅት፣ ጠበቃና በቂ ሰዓት የሚጠይቅ ሆኗል። በሌላ አነጋገር፣ ቀድሞ በተከሳሹ ኪስ ላይ የነበረው ሸክም ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ተሸጋግሯል።

በቺካጎ ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት አፈጻጸም ተከታትለው ባወጡት ሪፖርት፣ የቀጠሮ እስረኞች ቁጥር መቀነሱንና በቀጠሮ ቀን የሚቀሩ ተከሳሾች እንዳልበዙ አመልክተዋል። ተቃውሞው ግን አልበረደም። እ.ኤ.አ በነሐሴ 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የገንዘብ ዋስትናን ያስቀሩ አካባቢዎች ተለይተው የፌዴራል ድጎማቸው ሊቋረጥ የሚችልበትን መንገድ የሚያመቻች ትእዛዝ ፈርመዋል። በዚያው ዓመት ኅዳር በቺካጎ ባቡር ውስጥ አንዲት ተሳፋሪን በእሳት በማቃጠል የተከሰሰው ግለሰብ በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር ሥር ሆኖ ከእስር ውጭ የነበረ መሆኑ መገለጹም ክርክሩን አባብሶታል።

ይህ የመጨረሻው ክርክር የሕጉን ድክመትና የአፈጻጸሙን ክፍተት ለይቶ ማየት እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ገንዘብ አስይዞ መውጣት በሚቻልበት ጊዜም አስጊ ተከሳሽ የሚለቀቅበት ሁኔታ ነበር። ቁጥጥሩ አስተማማኝ የሚሆነው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሲደርስ ተከታትሎ እርምጃ የሚወስድ በቂ የሰው ኃይል ሲመደብ ነው። ሸሪፉ፣ ዐቃቤ ሕጉና የቦርዱ ፕሬዚዳንት እያንዳንዳቸው በሕዝብ የሚመረጡ፣ ዋና ዳኛውም በዳኞች የሚሰየም በመሆናቸው አንዱ ሌላውን ማዘዝ አይችልም፤ ቅንጅቱ በስምምነት የሚገኝ ነው።

የካውንቲው ተሞክሮ የሚያስገነዝበው ሕግ እንዲሻሻል የሚጠይቅ አስተዳደር ከጥያቄው ጎን ለጎን ማስፈጸሚያ በጀቱን፣ የሰው ኃይሉንና የተጠያቂነት ሥርዓቱን አስቀድሞ ማቀድ እንዳለበት ነው። የተጠየቀው ሕግ ከጸና በኋላ ለሚፈጠር ክፍተት ሕዝብ መልስ የሚጠይቀው በቅርብ የሚያገኘውን አስተዳደር ነውና።