የማያስነሳ ሶፋ

ሽማግሌ ሲገቡ ብድግ ብለን «ኖር» ማለት እናውቅበታለን። ከዚያ ሰው ወደሚውጠው ሶፋ እንጋብዛቸዋለን። ጉልበታቸው ከዳሌያቸው በላይ ቀርቶ የተቀመጡ እናትን ለማስነሣት ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሲይዛቸው፣ ያንን እንደ ክብር የሚቆጥር ቤተሰብ ሞልቷል። በእኔ ቤት ክብር ማለት ማንንም ሳይጠሩ መነሣት ነው። ለዚህም የክንድ መደገፊያ ያለው፣ መቀመጫው ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ጠንካራ ወንበር ይበቃል።

የወላጅን ቤት ማደስ ስንል ሳሎን ማሳመራችን ነው። ውጭ ያለው ልጅ ገንዘብ ይልካል፤ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ይለብሳል፣ የመስታወት ጠረጴዛ ይገባል፣ ጠርዙ የሚቀለበስ ምንጣፍ ይነጠፋል። ሴራሚኩ ውሃ ጠብ ሲልበት፣ ሥሩ ያለቀ ነጠላ ጫማ ላደረገ እግር ምን እንደሚሆን የሚያስብ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ የሌሊቱ መንገድ ነው። መጸዳጃው ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ መብራት ጠፍቷል፤ ጋቢው ይጎተታል፤ በሩ ላይ ከፍ ያለ ደፍ አለ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከአልጋው ድንገት ሲነሣ ሊያዞረው ይችላል። ይህን መንገድ ፈርተው ከአመሻሽ ጀምሮ ውሃ የማይቀምሱ አዛውንት አሉ፤ ልጆቻቸው «እማዬ ምግብም ውሃም አልወስድ አለች» ብለው ሐኪም ቤት ይወስዷቸዋል። አልጋው አጠገብ የሚቀመጥ የእጅ ባትሪ፣ በምሽት የሚገባ ፖፖ፣ መተላለፊያው ላይ በባትሪ የሚሠራ መብራት፤ ለመግዛት ሐዋላ የሚጠበቅባቸው አይደሉም።

አክስቴ መታጠቢያ ቤት የብረት መደገፊያ እንዲገባላት ሳነሣ፣ «ቤቴን ሐኪም ቤት ልታደርገው ነው?» ብላ ተቆጣች። ልክ ነበረች፤ ማንም አልጠየቃትም። «እትዬ፣ ስትነሺ እጅሽን የት ታሳርፊያለሽ?» ስላት ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። ቀለሙ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ወይቧል። ብረቱ የተተከለው እዚያው ነው፤ መለኪያ አላስፈለገንም። ባለሙያው ሴራሚኩን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ግድግዳ በስቶ በቡሎን አሰረው። ይህን የምለው በየቤቱ ፎጣ መስቀያውን ይዘው የሚነሡ ሰዎች ስላሉ ነው፤ እሱ የተሠራው ፎጣ እንዲሸከም ነው፣ አንድ ቀን ከነሰውየው ይወርዳል። ቁጢጥ ማለት ለማይችል ደግሞ መሐሉ የተቆረጠ ጠንካራ ወንበር መጸዳጃው ላይ ይቆማል። አያምርም፤ ግን ጉልበት ያሳርፋል።

ወድቀው መቆም ያቃታቸውን ጎትቶ ማስነሣትም ሆነ ወጌሻ መጥራት ይቅር። የዳሌ ስብራት ራጅ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና። በክረምት ደግሞ በተዘጋ መኝታ ቤት የከሰል ምድጃ አስገብቶ «እንዲሞቃቸው» ማለት መርዝ መጋበዝ ነው፤ የሚገድለው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም።

ቤቱ ውስጥ ያለው ይህን ያህል ከሆነ ደረጃው ገና ነው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። ኮንዶሚኒየም ግን ዕጣ ነው፤ አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው ጡረተኛ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ዕጣቸውን አመስግነው ገቡ። ያኔ ጉልበት ነበራቸው። ዛሬ ለቅሶ አይደርሱም፤ ዕድር የሚከፍልላቸው የልጅ ልጅ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ የፎቁን አከራይቶ ምድር ላይ ልከራይ ይላል፤ ወርዶ ሲያይ ብዙ ቦታ ምድሩ ሱቅ ነው። የነዋሪዎች ማኅበሮቻችን ስለ ጥበቃና ስለ መኪና ማቆሚያ የሚሰበሰቡትን ያህል፣ ስለ ተነቀለው የደረጃ መደገፊያና ስለ ተቃጠለው አምፖል ቢሰበሰቡ ምናለ? በየፎቁ መታጠፊያም አንድ ማረፊያ ወንበር ይቀመጥ። ይሰረቃል የሚል ካለ በሰንሰለት ይታሰር።